ስለ ዘወትር ሕሙማን መድኃኒት

በሽታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ወባና እንደ ሳንባ ምች ድንገት መጥቶ መድኃኒቱን ሲያገኝ የሚለቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ስኳር በሽታ፥ እንደ ደም ብዛት፥ እንደሚጥል በሽታና እንደ አስም ከሰው ጋራ አብሮ የሚኖር ነው። ለፊተኛው ሕመምተኛ የመድኃኒት ወጪ የጥቂት ቀን ነገር ነው፤ ለኋለኛው ግን እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ የሚመለስ ዕዳ ነው። ስለዚህ መንግሥት የመድኃኒቱን ዋጋ ሙሉውን ወይም እኩሌታውን ተሸክሞ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ሲረዳ፥ ርዳታው ወር ሳይዛነፍ እንደሚከፈል ደመወዝ ሊቆጠር ይገባዋል። የዘንድሮው ቸርነት የከርሞውን ሕመም አያስታግስምና።

በዚህ ነገር የብራዚል መንግሥት የሠራው ሥራ ሊመረመር የሚገባው ነው። ብራዚል በ1988 (የብራዚል ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕገ መንግሥት ጤና የሰው ሁሉ መብት፥ የመንግሥትም ግዴታ መሆኑን ደነገገች። በ2004 «የሕዝብ መድኃኒት ቤት» የሚባለውን ሥራ ጀምራ በመጀመሪያ በመንግሥት መድኃኒት ቤቶች በርካሽ ታድል ነበር፤ በ2006 ግን የነጋዴ መድኃኒት ቤቶችም እንዲገቡበት አደረገች። መንግሥት ከተወሰነው ዋጋ እስከ 90 ከመቶ ይከፍል፥ የቀረውን ሕመምተኛው ይጨምር ነበር። በ2011 የደም ብዛትና የስኳር በሽታ መድኃኒት ያለ ዋጋ እንዲሰጥ ሆነ፤ በ2012 የአስም ተከተለ፤ በ2025 በዝርዝሩ ያለው ሁሉ ነጻ ሆነ። በዚህ መካከል መርማሪዎች ሒሳቡን ሲያገላብጡ በሞቱ ሰዎች ስም መድኃኒት እንደ ተሸጠ ተደርጎ ገንዘብ የተጠየቀበት ተገኘ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ ለሌባ በር መክፈት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሽያጭ በሐኪም ማዘዣና በሰውየው መታወቂያ ቁጥር ባይመዘገብ ኖሮ፥ ሙት መድኃኒት መግዛቱን ማን ያውቅ ነበር? ሌባውን የያዘው መዝገቡ ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የኤድስ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መታደል በጀመረ ጊዜ፥ ሕመምተኛው በስሙ መዝገብ ተከፍቶለት፥ ቀጠሮውም ተጽፎለት መድኃኒቱን ይወስድ ነበር፤ ከሞት ደጅ ተመልሶ ልጆቹን ያሳደገው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያው ጤና ጣቢያ፥ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለደም ብዛት መድኃኒቱን የሚያገኘው ዋጋውን ከፍሎ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የበሽታው ክብደት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ለአንደኛው ከውጭ ገንዘብ መምጣቱ፥ ለሁለተኛው አለመምጣቱ ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ፥ በሰው ገንዘብ የቆመ ቤት ምን ያህል እንደሚነቃነቅ ለሁሉ ታየ።

ያገር ገንዘብ እንዲረዳ የተዘረጋው መንገድ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ ተስፋፋ፤ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፥ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። አሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ያለው በገንዘቡ አካሄድ ነው። ጤና ጣቢያው ለባለመድኑ መድኃኒት ይሰጥና ሒሳቡን ለመድን ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፍለው በዚያ ገንዘብ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ገንዘቡ እንዲህ እየተዘዋወረ ካልተመለሰ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ባለመድኑ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። መዋጮውን በዓመቱ መጀመሪያ የከፈለ ገበሬ፥ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተባለ በሦስተኛው ዓመት አይከፍልም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ የከረመ የክፍያ ወረቀት፥ በገጠር አንዲት እናት ያልዋጠችው ኪኒን ነው።

የደም ብዛት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው በዚያው ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ስለዚህም ጉዳቱ በወሩ መግለጫ አይታይም። የሚታየው ኋላ፥ ግማሽ አካሉ ደርቆ በቃሬዛ ሲመጣ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሹም ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ለቅጠሉ የሚሆነው በጀት ሁልጊዜ ለእሳቱ ከሚሆነው ኋላ ይመደባል። የስኳር ሕመምተኛው ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በኢንሱሊን የሚኖረው መርፌው ለጥቂት ቀን ቢታጣ ሕይወቱ ያልፋልና። መርፌው ሳይከፈት ሲቀመጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚያሻው ነው፤ ስለዚህ ዋጋውን መደጎም ብቻ አይበቃም፤ ማቀዝቀዣው፥ መብራት ሲጠፋም የሚተካው ነገር በዚያው በጀት ውስጥ ሊቆጠር ይገባል።

እንግዲህ የመድን ጽሕፈት ቤት ለጤና ጣቢያ የሚከፍልበት ቀን ተቈርጦ በደንብ ይጻፍ፤ ቀኑ ያለፈበትም ሹም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ። ስለ ዘወትር ሕሙማን መድኃኒት የሚቀርበው መግለጫ ምን ያህል ገንዘብ ወጣ ብቻ አይበል፤ በየጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ስንት ቀን ጠፍቶ እንደ ነበር ይቍጠር። መድኃኒቱን ያለ ችግር ለሚወስደውና ከሩቅ ለሚመጣው ሰው ደግሞ የሁለትና የሦስት ወር ቢሰጠው፥ ከመንገዱ ድካምና ከመጓጓዣው ወጪ ያድነዋል።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚቻል ለሕዝብ ተናግረው ነበር። ለስኳርና ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም እንዲሁ ያለ ቃል ከየአጥቢያው የንስሐ አባት ቢሰማ፥ ወደ ጠበል ሲሄድ ኪኒኑን እቤት ትቶ የሚወጣው ሕመምተኛ ከነማዘዣው ይዞት ይሄዳል።