ከቢቸና ሞጣ፦ በቁልፍ የሚጠነክረው ሾክ ያዋጣል ወይ?

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፣ መኪናው ይለሰልሳል። ደግሞ ይጫናል፣ ይጠነክራል። ቲክቶክ ላይ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። "ይሄ ለኛ አገር ይሆናል?" ብላችሁም ይሆናል። እኛ ጥያቄውን ጠበብ እናድርገው፦ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚወጣው መስመር ላይ ለሚሠራ መኪና ይሄ ነገር ያዋጣል?

"ኧረ ይሄ የሀብታም ወሬ ነው" እንዳትሉ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እንደ ዕድሜው እያከበደ አስወደደው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሦስቱን ደምሯቸው። ያለው አሮጌ መኪና የግድ መቆየት አለበት፣ እሱን የሚያቆየው መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። ሾክ ላይ የሚሠራ ስህተት በቀጥታ ከእንጀራ ላይ ይቆረጣል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አካባቢው የጤፍ አገር ነው። ጤፉን የሚያበቅለው ጥቁር ዋልካ አፈር ግን ለመንገድ ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተነጠፈውም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ያለ አስፋልት ከሩቅ ደህና ይመስላል፣ ሲነዱበት ግን ማዕበል ነው። ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገነጠለው ጠጠር መንገድ ደግሞ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተሸንትሮ ጥርስ ያንገጫግጫል። ማዕበሉ መኪናው እንዳይንሳፈፍ ጠንከር ያለ ሾክ ይፈልጋል፣ ቆርቆሮው ለስላሳ። ጭነቱም እንደዚያው ነው፦ ጤፍ ጭኖ ይወጣል፣ ቀለል ብሎ ይመለሳል። "የሚስተካከል" የሚባለው ነገር እዚህ መስመር ላይ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

ግን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ አለ። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሾክ ክብደት አይሸከምም። የሱ ሥራ ሞላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ እንዳይቀጥል ማብረድ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ማዞሪያው የሚያደርገው ዘይቱ የሚያልፍበትን ማጥበብና ማስፋት ነው፣ በቃ። 9 ደረጃ ያለው ሾክ ገዝታችሁ 9 ላይ ብታቆሙት፣ በጭነት የተቀመጠው የመኪናው ኋላ አይነሳም። ሻጩ "ይሄ ጭነት ይችላል" ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የኛ አገር የቆየ መፍትሔ ባሌስትራ ማስጨመር ነው። ጋራዥ ገብቶ አንድ ሁለት ማስደረብ፣ አለቀ። ከውጭ ከሚመጣው ሁሉ ይረክሳል፣ የትኛውም መካኒክ ይችለዋል። ችግሩ አንዴ ከጠነከረ ጠነከረ ነው። ጭነት ሲኖር ልክ ይመጣል፤ ባዶ ሲሆን መኪናው እንደ ጋሪ ይዘላል፣ የኋላ ጎማው መሬት መያዝ ያቅተዋል፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጭንቅላታችሁ ጣራ የነካ ይሄን እኛ አንነግራችሁም። ምጥ የያዛትን እናት ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም ብዙ ጊዜ ይኸው መኪና ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከወንበር ላይ የሚታዘዘው በእርግጥ አለ። የጃፓኑ ቴይን ኢዲኤፍሲ የሚባል ይሠራል፤ ሾኩ ጫፍ ላይ ትንሽ ሞተር ይገጠማል፣ ሾፌሩ ከውስጥ ያዘዋል። ቶዮታም ቴምስ የሚባል የራሱ ነበረው፣ አንዳንድ ፕራዶ ላይ ማዞሪያውን ታገኙታላችሁ። (ኤሌክትሮኒክሱ ሲሞት ተራ ሾክ ይገጠምና ማዞሪያው ለጌጥ ይቀራል።) ሽቦና ሞተር ለአቧራና ለጭቃ ሲጋለጥ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ለዚህ መስመር እኛ አንመክርም።

ሁለተኛው በእጅ የሚዞረው ነው፤ የአሜሪካው ራንቾ 9000 የሚባለው ሾክ ራሱ ላይ 9 ደረጃ ያለው ማዞሪያ አለው። ወርዳችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ታዞራላችሁ። ቪዲዮ ላይ አያምርም፣ ግን የሚቃጠል ነገር የለውም። ጠጠር ላይ ለሚውል ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር፣ አቅም ካለ፣ ክፉ አይደለም።

ጭነት ለሚያመላልስ ግን ምርጫችን ሌላ ነው፦ ከባሌስትራው ጋር የሚገጠም የአየር ከረጢት። ጭነት ሲኖር ይነፋል፣ ሲራገፍ አየሩ ይቀነሳል። የመሸከሚያውን ጥንካሬ በእውነት የሚለውጠው ይሄ ነው። ኮምፕረሰርና ቁልፍ ያለውን ተዉት፤ ተራው እንደ ጎማ በቫልቭ ስለሚሞላ የቢቸና ጎሚስታ ይበቃዋል። ስለታም ድንጋይ ይፈራል፣ ጨርሶ ባዶውን መንዳትም ይጎዳዋል። ደግሞም ኋላው ተነሳ ማለት መኪናው ተጨማሪ ኩንታል ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ፍሬኑ ያው ፍሬን ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚያወርደው።

ሌላው ሚዛን ላይ መግባት ያለበት መለዋወጫ የማግኘት ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው። ሞጣ ላይ የተበላሸ ልዩ ሾክ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ሊከርም ይችላል። የቆመ መኪና ዕቁብ አይከፍልም። ስለዚህ ሲበላሽ በተራ ሾክ የሚተካ፣ የቦልቱ ቦታ ከፋብሪካው ጋር አንድ የሆነ ነገር ግዙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለውን ፈትሹ። የመኪናውን አንድ ጥግ በደንብ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ከረጋ ሾኩ በሕይወት አለ፣ ደጋግሞ ከነጠረ አልቋል። ሾኩ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ለጥፎ እንደሆነ እዩ። መገጣጠሚያ ላስቲኮቹ ካለቁ የፈለጋችሁትን ሾክ ብትገጥሙ መንኳኳቱ አይቀርም። ስትቀይሩም ግራና ቀኝ አብራችሁ ቀይሩ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። የመንገድ ፈንድ በ1989 ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ መንገድ እንዲጠገን ተብሎ ነው። የዚህ መስመር ሾፌር ነዳጅ ሲቀዳ ለመንገዱ ይከፍላል፤ መንገዱ ሾኩን ሲጨርስበት ደግሞ ጋራዥ ገብቶ ይከፍላል። ሁለተኛው ክፍያ በዓመት ስንት እንደሚደርስ፣ ደረሰኝ ያላችሁ ላኩልን፤ ደምረን እናወጣዋለን።