በእንቅርት ላይ ግፊት

ችግር በችግር ላይ ሲደረብ አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ለብዙ ሰው ይህ ተረት ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ግማሹ የራሴ ታሪክ ነው። እንቅርቴን በቀዶ ሕክምና ካስወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ ዕጢው ያመርተው የነበረውን ሆርሞን በየቀኑ በኪኒን እተካለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ የደም ግፊት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ጆሮ ደግፍ አልያዘኝም፤ በእንቅርት ላይ የመጣብኝ ግፊት ነው።

በዚህ ዓምድ ስለ ግፊት ባነሳሁ ቁጥር ከአንባቢዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ሁለት በሽታ ያለበት ሰው የማንን ምክር ይስማ? አንዱ ጨው ቀንሺ ይላል፣ ሌላው አዮዲን ያለው ጨው ብዪ ይላል» ይሉኛል። ዛሬ ይህንኑ ላንሳ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው ሐኪሞቼን እየጠየቅሁ የተረዳሁትንና በቤቴ የምኖርበትን ነው። የመድኃኒታችሁን ዓይነትና መጠን የሚወስነው የየራሳችሁ ሐኪም ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ ሕመሞች እርስ በርስ እንደሚነካኩ ማወቅ ይጠቅማል። የእንቅርት ዕጢ አንገታችን ላይ ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ቅርጹ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ የልብ ምት ይዘገያል፣ የደም ሥሮችም ይጠባሉ፣ ይደድራሉ። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ከሁለቱ የግፊት ቁጥሮች የታችኛው ነው። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ ልብ ይጋልባል፣ የላይኛው ቁጥር ይወጣል። ሆርሞናቸው ሲስተካከል ግፊታቸው አብሮ የሚወርድላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አልሆንኩም። እናቴም ታላቅ እህቴም ግፊት ነበረባቸው፣ የእኔም በዘር የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ግፊት ለተገኘበት ሰው ግን «የእንቅርት ሆርሞኔስ ታይቷል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ኪኒኖቹ ልሂድ። ሌቮታይሮክሲን የሚባለው የእንቅርት ኪኒን ጸባዩ አስቸጋሪ ነው። ባዶ ሆድና ንጹሕ ውኃ ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላ ነገር አብሮት ከገባ ወደ ደም የሚዘልቀው መጠን ይቀንሳል። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስነቃ በአንድ ብርጭቆ ውኃ እወስደዋለሁ፤ እስከ 1 ሰዓት ቁርስም ቡናም አልነካም። ቡና ገና ሲቆላ ሽታው ደጅ ድረስ በሚሰማበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም፤ ግን ይለመዳል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ደግሞ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቁት። የግፊቴ መድኃኒት አምሎዲፒን ነው፤ እሱ ምግብ ኖረም አልኖረ ስለማይከብደው ቁርስ ላይ እወስደዋለሁ። ሁለቱ ኪኒኖች ሁለት የተለያየ ሰዓት ሲኖራቸው፣ የቱን እንደወሰድኩ አይምታታብኝም።

ጾም ሲመጣ ሰዓቱ ይናጋል። እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ኪኒን ምን ያድርገው? ረመዳን የሚጾሙ ወዳጆቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል። አንዱ መፍትሔ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የእንቅርቱን ኪኒን ወደ መኝታ ሰዓት ማዞር ነው፤ ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ጾሙን ሙሉ መተው ግን አይሆንም። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹ ብቻ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። አሳሳቹም ይኸው ነው። ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ይላል። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የሆድ ድርቀቱና የፊት እብጠቱ የሚመጣው ከቆየ በኋላ ነው።

ዋናው ጭቅጭቅ ያለው ግን ማጀት ውስጥ፣ ጨው ላይ ነው።

በእኛ ቤት ከአንድ ድስት የምንበላው ስድስት ነን። እኔ ግፊት አለብኝ። ምራቴ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዕጢዬ ስለወጣ ለእኔ አዮዲኑ ያን ያህል አያሳስበኝም። በምራቴ ማሕፀን ያለው ልጅ ግን አንጎሉ በወጉ እንዲያድግ ከእናቱ የእንቅርት ሆርሞን ይፈልጋል፤ ያ ሆርሞን የሚሠራው ደግሞ ከአዮዲን ነው። አዮዲን በእጅጉ ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል፤ ያ ጉዳት በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። ስለዚህ ለእኔ ግፊት ሲባል ጨውን ጭራሽ ከቤት ማስወጣት አንችልም። ለእሷ አዮዲን ሲባልም እጃችን እንዳሻው አይዘግንም።

መልሱ አጭር ነው፤ ጨው ትንሽ፣ ያም ትንሽ ሁሉ አዮዲን ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ምክር አንድ ላይ ነው የሚሰጠው። አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይብቃው፤ የሚበላው ጨው ሁሉ ግን አዮዲን የተጨመረበት ይሁን ይላል። ይህ 5 ግራም በዳቦው፣ በሽሮው፣ በበርበሬው ያለውንም ጨምሮ ነው።

ለምን አዮዲን? በደጋው አገራችን ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ዘመን አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ሄዷል። በዚያ አፈር የበቀለ እህል አዮዲን ያንሰዋል፤ በየገጠሩ እንቅርት የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣልን ጨውም አዮዲኑ በኋላ ካልተጨመረበት አይበቃንም። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ወጥቷል። እኔም ገበያ ስወጣ በጣሳ ከሚሰፈረው ክፍት ጨው ይልቅ የታሸገውንና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን እገዛለሁ። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚጠፋ ጨዋችን የሚቀመጠው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ነው። ወጥ ላይ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል ነው።

ጨውን የቀነስነው እንዲህ ነው። ቀድሞ በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበት ነበር፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመርበታል። አሁን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጭተን፣ ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በማንኪያ ተለክቶ ነው። በእጅ መዝገን ቀርቷል። በፋብሪካ የሚመጣውን የወጥ ማጣፈጫ ትተን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ሎሚ አበዛን። ቡና በጨው መጠጣት የለመዳችሁም እሱን ቁጠሩት። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት «እማዬ፣ ይሄ የሆስፒታል ወጥ ነው» ብሎ ነበር። ምላስ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለምዳል፤ አሁን ውጭ በልቶ ሲመጣ ጨው በዛበት የሚለው እሱ ነው። «እንቅርት ያለበት ጎመን አይብላ» የሚባለውንም ስጠይቅ የተነገረኝ፣ አዮዲን እስካልጎደለ ድረስ በልኩ የሚበላ የበሰለ ጎመን አያሰጋም የሚል ነው።

ሌላው ነገር ሳይጠየቅ የሚገዛ መድኃኒት ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የምንውጣቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖችም እንዲሁ፤ የእንቅርት ሆርሞን በዝቶ ልቡ ለሚመታበት ሰው ደግሞ ይብሳሉ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ለፀጉርና ለጥፍር ብለው በሚልኩልን ቫይታሚን ውስጥ ብዙ ጊዜ ባዮቲን አለ፤ ይህ የእንቅርት ሆርሞን የደም ምርመራን ውጤት ሊያሳስት ይችላል። የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲያቆም ይመከራል።

ሆርሞናቸው የበዛባቸው አንባቢዎች መድኃኒታቸው ከእኔ ይለያል። ፕሮፕራኖሎል የታዘዘላችሁ በድንገት አታቁሙት፤ ልብ በኃይል ሊመታ ይችላል። የሆርሞን መቀነሻ የምትወስዱ ደግሞ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከተሰማችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ በዚያኑ ቀን የደም ምርመራ ያስፈልጋል። እንደ እኔ ሆርሞን በኪኒን የምትተኩም መጠኑ ሲበዛ የልብ ምት መዛባት ያመጣልና «ኃይል ይሰጠኛል» ብላችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ። መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ታይቶ ይረጋገጣል።

ግፊቴን በቤቴ እለካለሁ። ከመለካቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አልጠጣም፤ ሽንቴን ሸንቼ፣ ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን መሬት አስረግጬ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ክንዴ ጠረጴዛ ላይ በልቤ ትይዩ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ሲያሳስበኝም ለሐኪሜ ነገርኩት እንጂ ኪኒኑን አልተውኩም፤ አምሎዲፒን እንዲህ ያሳብጣል፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ያሳብጣል፣ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው።

ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። ግፊታቸው 180 በ110 ነበር። መድኃኒት ጀምረው 130 በ80 ሲሆንላቸው «ተመስገን፣ ድኛለሁ» ብለው አቆሙት። ያ ቁጥር የሚናገረው ግን መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነበር። ከወራት በኋላ ስትሮክ ጣላቸው። ዛሬ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ ቃላቸውም ይሰባበራል። ሁለት ሴት ልጆቻቸው እየተፈራረቁ ያጎርሷቸዋል፤ ታናሽዬዋ ሥራዋን ትታለች። ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ ወይም ደረት አጥብቆ ሲይዝ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

የእንቅርቴ ሐኪም አንድ ሆስፒታል፣ የግፊቴ ሐኪም ሌላ ክሊኒክ ናቸው። ተገናኝተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው ቦርሳዬ ውስጥ ያለ አንድ ወረቀት ነው። የምወስደው ኪኒን ሁሉ ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ፣ የመጨረሻው የሆርሞን ምርመራዬ ውጤትና የወሩ የግፊት ቁጥሮቼ ተጽፈውበታል። አንዱ ጋ ስገባ የሌላውን ነገር አሳያለሁ። «የማንን ምክር ልስማ?» ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው፤ ሁለቱንም ስሙ፣ አንዱ ሌላው ያዘዘውን እንዲያይ ግን አድርጉ። ዓይናቸው የደከመ እናት ወይም አባት ቤታችሁ ካሉ፣ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ኪኒኖቻቸውን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ያንን ወረቀት ጻፉላቸው። ለነፍሰ ጡሯም የጨው ዕቃውን ክዳን አትርሱ።

ሳምንት ያገናኘን።