«ሃልፕ ድራይ» ስንት ሰዓት ነው?

እዚህ ዓለም ገና ጀርመንኛ የሚያጠኑ ወጣቶችን አውቃለሁ። አንዷ ባሏ ዘንድ ለመሄድ፣ ሌላው ለነርስነት ሥራ፣ ሌላው ሙያ ለመማር። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለትዳር ጓደኛ ቪዛ በመሠረቱ የኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) የጀርመንኛ ፈተና ማለፍን ትጠይቃለችና፣ ለመጀመሪያዋ ልጅ ቋንቋው የትዳሯ ጉዳይ ነው። ሁሉም «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» እያሉ ሲሸመድዱ እሰማለሁ። እኔ ብጠየቅ ግን ከዚያ በፊት ቀጠሮ መጠየቅን አስተምራቸው ነበር።

ጀርመን አገር ያለ «ተርሚን» የሚከፈት በር ጥቂት ነው። አድራሻ ለማስመዝገብ ቀጠሮ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ቀጠሮ፣ ጥርስ ለመታየት ቀጠሮ። ያመለጠው የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ ሳምንታት ሊያስጠብቅ ይችላል። አንዳንድ ሐኪም ቤትም ሳያስታውቅ የቀረን ሰው ያስከፍላል።

«ኢሽ ሜሽተ አይነን ተርሚን» ማለት ቀላል ነው። ጭንቁ መልሱ ላይ ነው። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት «ዲንስታግ፣ ሃልፕ ድራይ» ትላለች። ማክሰኞ መሆኑ ይገባል። «ድራይ» ሦስት፣ «ሃልፕ» ግማሽ። ሦስት ተኩል! ብሎ የሚጽፍ አበሻ በሙሉ ልቡ ነው የሚጽፈው፤ ምክንያቱም የእኛ «ተኩል» ያለፈው ሰዓት ላይ ይደመራል። የጀርመኑ ግን የሚመጣውን ሰዓት ነው የሚያየው። «ሃልፕ ድራይ» ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ላይ የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ ከሆነ በእኛ ስምንት ተኩል ማለት ነው። ልጁ ግን ዘጠኝ ተኩል ላይ ይደርሳል። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ መዘግየት ያደላል፤ ቀድሞ የደረሰ ይጠብቃል፣ አንድ ሰዓት የዘገየ ግን ቀጠሮው አልፎታል።

ያኔ «አበሻ ቀጠሮ አያከብርም» ይባላል። ይህ አባባል ያስቆጣኛል። ሌሊት ቦሌ ዘመድ የሚሸኝ ቤተሰብ ትኬቱ ላይ 01:00 ሲያይ «በፈረንጅ ነው በእኛ?» ብሎ ይጠይቅና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት መሆኑን አረጋግጦ ይወጣል። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ያልተነገረን የ«ሃልፕ» ነገር ነው።

መፍትሔው ደግሞ አማርኛችን ውስጥ አለ። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» እንላለን አይደል? ይህ ከጀርመኑ «ፊርትል ፎር ድራይ» ጋር አንድ ነው። እንግዲያው «ሃልፕ ድራይ»ን «ለሦስት ግማሽ ጉዳይ» ብሎ መያዝ ነው። ለየትኛውም የአማርኛ ጆሮ ይገባል። አስቸጋሪው በምሥራቅ ጀርመንና በደቡብ አንዳንድ ቦታ የሚሰማው «ፊርትል ድራይ» ነው። ይህ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጀርመናዊም ግር ሊለው ይችላል። ስለዚህ አለመረዳት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የሚያዋጣው መልሶ መጠየቅ ነው። «አልዞ፣ ፊርፄን ኡር ድራይሲሽ?» ማለትም «እንግዲህ 14:30 ነው?» ብሎ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ማረጋገጥ። የባቡርና የመሥሪያ ቤት ሰዓት የሚጻፈው በዚሁ ነው፤ ሁለት ትርጉም የለውም። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የተናገረውን አስደግሞ መጠየቅ እንደ ድፍረት ስለሚታይ፣ ብዙ ልጆች «ያ፣ ያ» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። እዚያ ግን ደግሞ መጠየቅ እንደ ጥንቃቄ ነው የሚቆጠረው።

ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ጎተ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። የኤ1 ፈተናው የማዳመጥ ክፍል 20 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ አጫጭር የስልክ መልእክትና የድምፅ ማስታወቂያ ያሰማል፤ ሰዓትና ቀን በውስጡ አይጠፋም። ዓለም ገናም ሆነ ሰበታ ልጆችን የምታዘጋጁ አስተማሪዎች፣ እባካችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ብቻ ስጡ። ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጀርባ ለጀርባ አስቀምጡ። ስልክ ላይ የሰው ፊት አይታይምና፣ አንዱ ቀጠሮ ይስጥ፣ ሌላው በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ይጻፈው።