የተበደለ ልጅ ራሱ ይደውል ወይስ ሰው ይዞ ይቅረብ?

ራሱ ይደውል
(ሻርጃ የምትኖር እናት)

ወዲማ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 ዱባይ ውስጥ አባቷና አብራው የምትኖረው ሴት አሰቃይተው ገደሏት፤ አስከሬኗንም ሻርጃ በረሃ ቀበሩት። አብራት የተሰቃየችው ታናሽ እህቷ ተረፈች። ዛሬ «የወዲማ ሕግ» የምንለው የ2016ቱ የኤምሬቶች የፌዴራል ሕግ ቁጥር 3 መነሻው ይህ ሞት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ይጠብቃል፤ የኛን የኢትዮጵያውያንንም ልጆች። የጠቆመ ሰው ማንነትም ራሱ ካልፈቀደ አይገለጥም።

ልጆቼ መጠቆሚያ የስልክ ቁጥሮቹን በቃላቸው ይዘዋል። ሻርጃ 800700፣ ዱባይ 800988፣ አጅማን ላሉት የአጎታቸው ልጆች ደግሞ የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ የሕፃናት ጥበቃ ማዕከል 116111። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 999 ፖሊስ ነው። ያስተማርኳቸው የኛን ነገር ስለማውቅ ነው። ልጅ ተደበደብኩ ብሎ ሲነግረን ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ዝም በል፣ ኢቃማችን (የመኖሪያ ፈቃዳችን) ይበላሻል» የሚል ነው። እኛ ለኢቃማው እንፈራለን፤ ልጁ የሚፈራው ሲመሽ ነው። በዚህ ፍርሃት ታውረን ሳለን የልጁ አቤቱታ በእጃችን ካላለፈ አይሄድም ማለት በሩን በላዩ መቆለፍ ነው።

ሰው ይዞ ይቅረብ
(አጅማን የሚኖር አባት)

እህቴ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፍርሃታችን ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን የጠቀሱት ሕግ ራሱ ሌላም ይላል። ልጅ የራሱን፣ የወንድም እህቱን ወይም የሌላ ልጅን ስቃይ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያሳውቅለት ሲጠይቅ፣ አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ሁሉ የመርዳት ግዴታ አለበት። መምህርና ሐኪም ደግሞ ሳይጠየቁም የመጠቆም ግዴታ አለባቸው። ሕጉ ልጁን ብቻውን አልተወውም፤ እኛ ለምን እንተወው?

ደግሞ ስልክ መደወል መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። እናቱ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ሻርጃ የሚማር፣ አጅማን ኑዓይሚያ የሚያድር ልጅ ያስቡ። ጉዳዩ የየትኛው ኤምሬት መሥሪያ ቤት ነው? የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያዋ መጥታ ስትጠይቅ እናቱ አረብኛውንም እንግሊዝኛውንም አትችልም። ስለዚህ የተጎዳው ልጅ ራሱ አስተርጓሚ ይሆናል። በእናቱ ላይ ያለውን አቤቱታ ለእናቱ ይተረጉማል! ይህን ሸክም የምንጭነው በማን ላይ እንደሆነ እንየው።

በዚያ ላይ ወረቀት የሌላቸው አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለ ጋብቻ የወለደች እናት ትከሰስ ስለነበር ልጇን ለማስመዝገብ ትፈራ ነበር፤ ሕጉ ተሻሽሏል፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀንም። በ2024 መስከረም የጀመረው የኢቃማ ምሕረት ሲያበቃ ወረቀቱን ሳያስተካክል የቀረ ቤት አለ። የዚያ ቤት ልጅ አንድ ስልክ ሲደውል ስንት በር እንደሚንኳኳ አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ይቁም።

የመሥሪያ ቤቱ መልስ ቢዘገይ፣ ወይም ባለሙያው ልጁን ሳይሰማ ወደዚያው ቤት ቢመልሰውስ? ያኔ አቤቱታው በመሥሪያ ቤቱ ላይ ነው። የተደወለበትን ቀን፣ ያነጋገረውን ሰው ስም፣ የጉዳዩን መለያ ቁጥር ይዞ ወደ የበላይ ኃላፊው መውጣት ያስፈልጋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

እናቲቱ ስትመልስ

ወንድሜ፣ ስለ ትርጉሙ ያሉት አንገቴን አስደፍቶኛል። ልጄ ለኔ ሐኪም ዘንድ ሲያስተረጉም ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ እንዲህ ላለ ነገር ግን እንኳን በልጄ፣ በጠላቴም ልጅ አይድረስ። ዱባይ ያለው ቆንስላችን ለሕፃናት ጉዳይ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመድብ አብረን እንጠይቅ።

ሁለተኛው አቤቱታ፣ በመሥሪያ ቤቱ ላይ የሚቀርበው፣ አዋቂ እንደሚፈልግም ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን ግን አልለቅም። «የሚያውቅ ሰው» የሚሉት በኛ ዘንድ ማን ነው? ሽማግሌ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሻርጃ ያርሙክ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተቀምጦ ነገር የሚያበርድ፣ አባትን አስምሎ፣ ልጁን ጉልበት አስሞ የሚመልስ። ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽምግልና ደግ ነው። ልጅ ሲቃጠል ግን ከማን ጋር ነው የሚታረቀው? ደብዳቢው ራሱ ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ቢሆንስ?

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብት ስምምነት በ1991፣ ኤምሬቶች በ1997 ተቀብለውታል። አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡ እንዲሰማ ያዛል። ከጎኑ የሚቆመውን ሰውም እሱ ይምረጥ፦ መምህሩ ትሁን፣ የጎረቤት ሴት ትሁን፣ እርስዎም ይሁኑ። እኛ አንምረጥለት።

አባትየው

ሽማግሌውን በተመለከተ መልስ የለኝም። ልጁ ይምረጥ ያሉትን እቀበላለሁ። ዛሬ ማታ ለሁለቱ ልጆቼ 116111ን አስጠናቸዋለሁ፤ እኔን የሚከስሱበት ነገር ቢኖር ማንን ይዘው እንደሚሄዱም እጠይቃቸዋለሁ። የሚጠሩትን ስም እኔ ባልወደውም አልከራከርም።