በላ ልበልሃ፦ ዓሣንም የእንስሳት ሐኪም ያክመው?

ሙግቱ የሁለት የእንስሳት ሐኪሞች ነው። አንደኛው በዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ሁለተኛዋ በደጋ ወረዳ የመስክ ሐኪም ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦

ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1979 ነው። ከተማዋ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኙ ሐይቆች የተከበበች ናት። ብርዱ በሚጠናባቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ከእነዚህ ሐይቆች በአንዳንዱ ዓሣ በጅምላ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ዓመት አለ። ያን ጊዜ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል፦ ተመርዞ ነው? በሽታ ነው? ይበላል?

ጥልቅና ጠባብ የሆነ ሐይቅ ውኃው ተደራርቦ ይቀመጣል፤ የታችኛው ኦክስጅን የለውም፣ መጥፎ ጋዝም ያጠራቅማል። የሌሊቱ ቁር የላዩን ውኃ ሲያቀዘቅዘውና ነፋስ ሲያግዘው ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል። ይህን የተማረ ሐኪም ዳር ቆሞ ብዙ ነገር ያነባል። በአንድ ሌሊት ትንሹም ትልቁም፣ የተለያየው ዘር አብሮ ካለቀ ጥርጣሬው ውኃው ላይ ነው። አምባዛ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል እሱ ብቻ ተርፎ ቢገኝ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ሞቱ ለቀናት እየተንጠባጠበ ቆሮሶን ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2014 እስራኤል ውስጥ፣ የገሊላን ባሕር ጨምሮ፣ ቆሮሶን የሚፈጅ አዲስ ቫይረስ መገኘቱ ታተመ። ከዚያ ወዲህ በግብፅም በቪክቶሪያ ሐይቅም ታይቷል። ሁለቱም ከእኛ ሩቅ አይደሉም፤ ግብፅ የምትጠጣው ከእኛው ወንዝ ነው።

ተማሪዎቼ ይህን በስላይድ አይተው እንዲያልፉ አልፈልግም። ዓሣ ይያዙ። በልኩ የተበጠበጠ የቅርንፉድ ዘይት ዓሣ ያደነዝዛል፤ ማደንዘዣው ከወጥ ቤታችን አይርቅም። ደም ከጅራቱ ሥር ይቅዱ፤ ከስንጥቡ ቁራጭ ወስደው እዚያው በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። እዚያው የምለው በምክንያት ነው፦ በሙቀት ጥቂት ሰዓት የቆየ የዓሣ ሬሳ ለመርማሪ እምብዛም አይጠቅምም።

ደግሞ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይሂዱ። በሬ ቄራ ገብቶ በሐኪም ዓይን ያልፋል። ዓሣው ከጀልባ ወርዶ ቢላ ፊት ነው፤ ጥሬውን በአዋዜ የሚያጣጥመውም ብዙ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ፣ አዋቂው ትል ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ የሚኖር የጥገኛ ትል እጭ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ዓሣ በላተኛውን ሕዝብ ለማን ተውነው?

ሐኪሟ፦

መምህር፣ ሲያስረዱ ይጥማል፤ ግን የገዛ ምሳሌዎ ይረታዎታል። የቢሾፍቱን ዓሣ የገደለው ውኃው ነው ብለዋል። ታዲያ የሚያስፈልገው ኦክስጅን መለኪያና የሐይቅ ሳይንስ ባለሙያ ነው። ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን፤ የእሱን እጅ ማጠንከር ሲገባን ስድስት ዓመት ተምሮ ላም ማዋለድ የሚያንቀጠቅጠው ምሩቅ ላይ ሌላ ሸክም እንጭናለን። (ጋጥ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ እጃቸው በቂ ከብት አልነካም።)

የአገሪቱ የቀንድ ከብት ከ65 ሚሊዮን በላይ ነው። ደስታ መሰል የገባበት የፍየል መንጋ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል፤ ቆላው ገንዲ አለበት፤ አባ ሰንጋ ከብቱን ገድሎ ሥጋውን ወደበላው ሰው ይሻገራል። እኔ ዘንድ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይመጣል፤ ሣጥኑ ሲደርስ በረዶው ውኃ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ የቆሮሶ ቫይረስ?

ደግሞ አብዛኛው ዓሣችን ከሐይቅና ከወንዝ የሚጠመድ ነው እንጂ በኩሬ የሚረባ አይደለም። የጣናን በሽተኛ ዓሣ ማን ይዞ ያክማል? መድኃኒት ሐይቅ ውስጥ መድፋት ብክለት ነው። ገበሬ በሬው ሲታመም ሌሊት በሬን ያንኳኳል፤ ለታመመ ቆሮሶ ያንኳኳልኝ አስጋሪ እስካሁን የለም። ጠሪ የሌለው ሙያ ደመወዙን ከየት ያገኛል?

አገር ከብቷን ያተረፈችው እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ። ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ በአያቶቻችን ክፉ ቀን ከብቱን ጨርሶ ሕዝቡን በረሃብ ፈጀ፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በእኛ በኩል የመጨረሻው ምሽግ አፋር ነበር። እዚያ የሠራው ሙቀት የሚችል ክትባትና ክትባቱን ተሸክመው የሄዱ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመለመሉ ከታቢዎች ናቸው። አንድ ጠላት ተመረጠ፤ ጉልበቱ እሱ ላይ ዋለ።

ኖርዌይን እንደሚያነሱብኝ ስለማውቅ ልቅደምዎ። ሳልሞን አርቢዎቿ በ1987 ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ፈጅተው ነበር፤ ክትባት ከመጣ በኋላ 99 በመቶ ያህል ቀነሰ። ግን ያቺው አገር ለዓሣ የራሱ ዲግሪ ያለው ሙያ ፈጠረች፤ የዓሣ ጤና ባዮሎጂስት ይባላል፤ ፈቃድ አለው፣ መድኃኒት ያዝዛል። የእንስሳት ሐኪም አይደለም። እኛም መንገዱን እንለይ ነው የምለው።

መምህሩ፦

ዶክተር፣ ኖርዌይ መንገዱን ለየች እንጂ የእንስሳት ሐኪሞቿን ከዓሣ አላስወጣችም፤ እነሱም ይማራሉ፣ እነሱም ያዝዛሉ። ሁለት ሙያ የምታቆም ሀብታም ናት። እኛ ዘንድ አንዱ እንኳ ገና እየዳኸ ነው።

ሐይቅ ይታከም አላልኩም። የዶሮ ሐኪም አንዲቷን ዶሮ ይዞ ሲወጋ አይውልም፤ ቤቱን፣ ውኃውን፣ መኖውን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል። ዓሣም እንደዚያው ነው። በ2022 በዓለም የረባው የውኃ እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጠመደው በልጧል። እዚህም ኩሬ የሚቆፍር ወጣት እየመጣ ነው፤ የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ዓሣ ማስገሩም ተጀምሯል። ሰዎች የተሻሻለ ዘር ይፈልጋሉ፣ የዓሣ ጫጩት ከውጭ ማስገባት ያምራቸዋል።

እዚህ ላይ ይመልሱልኝ። ያ ጫጩት ሲገባ የጤና ሰርተፊኬቱን የሚመረምረው የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለውኃ እንስሳት ብቻ የተለየ ደንብ ያወጣው በ1995 ነው። እርስዎ በዚያ ባለሥልጣን ቢሾሙ እርስዎ ይፈርማሉ። በሕይወትዎ አንድ ዓሣ እንኳ ከፍተው ሳያዩ ምን ብለው ይፈርማሉ?

ሐኪሟ፦

በፊርማው አልከራከርም። መፈረም ያለበት ሰው ይማር፤ በደንብም ይማር፣ ዓመት ቢፈጅበትም። ግን ስንት ሰው ነው? የመግቢያ ኬላዎቹና ላቦራቶሪው የሚፈልጉት በጣት የሚቆጠር ነው። ለእነሱ ብለው በየዓመቱ የሚመረቀውን ሁሉ ያስተምሩ ማለት፣ ከደስታ መሰልና ከማዋለድ ላይ ሰዓት ይነሣ ማለት ነው። የትኛውን ሰዓት እንደሚነሡልኝ በስሙ ይንገሩኝ፤ እስካሁን አልነገሩኝም።

ሌላም ልጠይቅ። ዓሣ ይያዙ ብለዋል። ገንዳው የት ነው? የአየር መንፊያው መብራት በጠፋ ቁጥር ሊቆም ነው፤ የተማሪዎቹ ዓሣ በፈተናው ዋዜማ ያልቃል፣ ከዚያ ወደ ስላይዱ ይመለሳሉ። ዲፕሎማው ላይ ግን «ዓሣ ያክማል» ተብሎ ይታተማል። የኩሬው ባለቤትም ያንን ወረቀት አምኖ ይጠራዋል፤ ልጁም ያለችውን አንድ መድኃኒት፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ውኃው ውስጥ ይበጠብጣታል። በምሩቅ ዓይነት ኖርዌይ ሆነን በአንቲባዮቲኩ 1987 ላይ እንገኛለን። ገንዳውን፣ ጄኔሬተሩንና ኦክስጅን መለኪያውን በበጀት መዝገብ ላይ ያሳዩኝና ኮርሱን ያን ጊዜ እንነጋገርበት።