የሐረጎ ቁልቁለትና የሞተር ሳይክል ጌጥ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደጋን የሚኖር አንድ ወጣት ዘመዳችን ባለፈው ክረምት ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛ። ገንዘቡ የተገኘው ቤተሰቡ ሁለት በሬ ሸጦ፣ የጎደለውን ደግሞ ከዘመድ ተበድሮ ነው። ሞተሩ 150 ሲሲ ሲሆን ከደሴና ከኮምቦልቻ ዕቃ ለማመላለስ፣ አልፎ አልፎም ሰው ለማድረስ የታሰበ ነው። ወጣቱ ወደ እኛ የመጣው አንድ ወረቀት ይዞ ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የትኛውን ላስገጥም?» አለን። በወረቀቱ ላይ የተዘረዘሩት ሁለት ተጨማሪ የፊት መብራቶች፣ የጭነት መኪና ድምፅ ያለው ክላክስ፣ የጎን መከላከያ ብረት፣ ከኋላ የሚታሰር የዕቃ ሣጥን፣ የመቀመጫ ልብስና ከመሪው ጫፍ የሚንጠለጠል ዘርፍ ነበሩ። ፍሬን የሚል ቃል አልነበረበትም። ሄልሜት የሚልም እንዲሁ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወረቀት የሰጠነው መልስ ነው። ጌጥን ለመንቀፍ አልተነሣንም። አባቶቻችን ፈረሳቸውን በመረሻትና በቃጭል ያስጌጡ ነበር፤ ማንም በዚህ አልሳቀባቸውም። ነገር ግን ፈረሱን ሸልመው ከመውጣታቸው በፊት ሰኮናውን አንሥተው ያዩ ነበር። እኛ የምንለው በሞተር ሳይክል ዘመን መረሻቱን ይዘን ሰኮናውን ረስተናል ነው።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ በምንማርበት ጊዜ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት «ስፖርት ቱሪንግ» ከሚባለው ወገን የሆነ ሞተር ሳይክል ነበራቸው። ይህ ዓይነቱ ሞተር ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ረጅም መንገድ በፍጥነት እንዲጓዝ ታስቦ የሚሠራ ነው። የእርሳቸው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው ኤስቲ 1100 ነበር፤ 1,084 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ወደ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የኋላ ጎማውን በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ የሚያዞር ግዙፍ መሣሪያ ነው። አዛውንቱ ሻንጣዎቹን ከመግጠማቸው በፊት ሁልጊዜ በሆዳቸው ተኝተው የፍሬኑን ሸራ ውፍረት በባትሪ መብራት ያዩ ነበር። በዚያን ጊዜ ነገሩ የሽማግሌ ጭንቀት መስሎን ነበር። በእኛ አገር ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ እህል ጭኖ ተራራ የሚወጣና የሚወርደው የዚያ ሞተር ሰባተኛ እጅ የሚሆን ጉልበት ያለው እንኳ የማይባል ባለ 150 ሲሲ መሆኑን ስናስብ ግን ጭንቀቱ የሚገባው ለእኛ ነበር።

ወደ ሐረጎ እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት 650 ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ 120፣ ሁለቱ ሰዎች 130፣ ጭነቱ 30 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 280 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን በስበት ፍጥንጥነትና በከፍታው ስናባዛ 1.8 ሚሊዮን ጁል ገደማ እናገኛለን። ይህ ኢነርጂ ደሴ ላይ ስድስት ሊትር ያህል ውሃ ከቀዝቃዛነቱ አንሥቶ ያፈላል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሞተሩ ቆሟል፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ኢነርጂ በመንገድ ላይ የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው።

ጠንቃቃ ተማሪ እዚህ ላይ ያስቆመናል፤ ደግም ያደርጋል። ቁልቁለቱ በመንገዱ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ የአየሩና የጎማው ሰበቃ ብቻውን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ሊይዘን በቻለ ነበር፤ ፍሬን መንካት እንኳ ባላስፈለገ። መንገዱ ግን እንዲህ አይደለም። ጠመዝማዛው ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱ ይጠናል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር የሚወርድ መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ። በዚሁ ፍጥነት ስበት በየሴኮንዱ ከ2,000 ጁል በላይ ይሰጠናል፤ አየሩና ጎማው 800 ያህሉን ይወስዳሉ፤ የቀረው 1,300 ዋት ገደማ ነው። በቤታችን ያለ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያህል ሙቀት የፍሬን ሸራ በሚነክሰው ክብ ብረት ውስጥ ይነድዳል ማለት ነው። ብረቱና ዙሪያው ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን አሉሚኒየም ነው ብንልና ነፋስ የሚወስደውን ሙቀት ለጊዜው ብንዘነጋ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ይጨምራል። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሸራው እርሱን ለመንካት ተጨማሪ መንገድ መጓዝ አለበት፤ ከልክ በላይ የጋለ ሸራ ደግሞ መንከስ ያቅተዋል። እግራችን ይረግጣል፣ ሞተሩ አይሰማም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅነውም። ከዓመታት በፊት ከአንድ ባልደረባችን ጋር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ እንደ ብዙ ሰው ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍተን ነበር። በዚያው ሳምንት የዕቃ ሣጥንና መብራት አስገጥመን ገንዘብ ከፍለናል፤ ስለ ፍሬኑ ሸራ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቅንም። ከጥቂት ኩርባዎች በኋላ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ የእግር ፍሬኑ ወደ ታች ሰመጠ። ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን ስንለቅ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ። ከፊታችን ጭነት የያዘ አይሱዙ እየወጣ ነበር። ሞተሩን በመንገዱ ዳር ወዳለው የውሃ መውረጃ ቦይ መራነው። እኛ በጭረት ወጣን፤ የባልደረባችን ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመዋል። እርሱ አንድም ቀን ወቅሶን አያውቅም፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አያቀልልንም።

በኋላ ቁጭ ብለን አሰላነው። ሞተር አጥፍቶ በመውረድ የሚተርፈው ቤንዚን እንደ እኛ ግምት ከአንድ ወይም ከሁለት የቡና ስኒ አይበልጥም። በአንጻሩ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ጋዙ ተዘግቶ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ቢወርድ ኖሮ፣ ባለ 150 ሲሲ ሞተር በራሱ ሰበቃና አየር ለመሳብ በሚያደርገው ትግል አንድ ኪሎዋት ገደማ ይበላልናል። ከላይ ያሰላነው 1,300 ዋት ለፍሬኑ የሚተርፈው ጥቂት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ሹፌሮቻችን «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ፊዚክስ ሳይማሩ ነው፤ እኛ ተምረን ሞተሩን አጠፋን። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚነዳቸው የቀድሞ ያማሃዎች ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ጋዙ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ፒስተኑ የሚያገኘው ዘይት ስለሚቀንስ በየመሃሉ ጋዙን ለአፍታ መክፈት ያስፈልጋል።

ሌላው የምንሟገተው ጉዳይ የፊት ፍሬን ነው። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚለው እምነት ሥር ከመስደዱ የተነሣ ገመዱን ጨርሶ የሚያላሉ ወጣቶች አይተናል። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አጥብቀን ስንይዝ ከጠቅላላው ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል በፊት ጎማ ላይ ያርፋል። መሬት የሚይዘው ጎማ እርሱ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሁለቱንም ፍሬኖች በአግባቡ ተጠቅሞ በ6 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በኋላው ብቻ ከሆነ 12 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በልዩነቱ ውስጥ አንድ ሕፃን ወይም አንድ በግ መንገድ ሊያቋርጥ ይችላል። ድንገት መጨበጥ እንጂ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝ አይገለብጥም። አሸዋ በፈሰሰበት ኩርባ ላይ ግን ፍጥነቱን አስቀድሞ መቀነስ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የዕቃ ሣጥኑ የሚታሰረው ከኋላው ጎማ መሐል አልፎ ነው። 30 ኪሎ ግራም ጭነት ከዚያ መሐል 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ የፊት ጎማው ስድስት ኪሎ ግራም ገደማ ይቀልለዋል። ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ መሪው «ዋኘብኝ» የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው ይጠጋ፤ ሣጥኑ ለቀላሉ ይሁን።

መብራቶቹም ሒሳብ አላቸው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት ከሆኑ ሁለቱ በ12 ቮልት ከ9 አምፒር በላይ ይስባሉ። የትንንሽ ሞተሮች ባትሪ 7 አምፒር-ሰዓት ያህል ነው፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ዲናሞው ይህን አይተካም። ከዚህ የሚብሰው ገመዱን ያለ ፊውዝ ቀጥሎ በፕላስቲክ መጠቅለል ነው፤ የቤንዚን ታንኩ ከበላዩ ተቀምጧል። መብራት የግድ ከተፈለገ አነስተኛ ዋት ያለው ኤልኢዲ በራሱ ፊውዝ ይገጠም። ስለ ክላክሱ የምንለው የለም፤ የሰፈሩ ሰው ይናገር።

ወጣቱ ስለ ጎማም ጠየቀን። ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርድ ጎማው በሙቀት እንዳይፈነዳ አየር እንዲቀንስ መክረውታል። ይህ ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ የቤት ሥራ ነው። ደሴ ላይ በ12 ዲግሪ ማለዳ መለኪያው 2 ባር ያሳየ ጎማ፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት ሚሌ ሲደርስ የውስጡ ግፊት በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን የውጭው አየር ግፊትም ከ0.75 ወደ 0.95 ባር ከፍ ብሏል፤ መለኪያው የሚያሳየው ደግሞ የሁለቱን ልዩነት ነው። ውጤቱ 2.05 ባር ገደማ ይሆናል። ቆላው ጎማውን የሚነካው እምብዛም ነው። አየር የተቀነሰለት ጎማ ግን በየዙሩ እየታጠፈ ራሱን ያሞቃል፤ ጭነት ሲታከልበት የሚፈነዳው እርሱ ነው። ስለ ሰንሰለቱ አጭር ነው፦ በላምባ ይታጠብ፣ በንጹሕ የማርሽ ዘይት ይቀባ፤ ከሞተር የወጣ ጥቁር ዘይት ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለበት አይቀባ።

ሄልሜቱን በመጨረሻ ያነሣነው ክርክር ስለሌለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት ለሞተረኞች የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በወረቀቱ ላይ ካሉት መለዋወጫዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚሠራ አንድም የለም።

ለወጣቱ ብቻ ተናግረን ብንተው ግን ራሳችንን ነፃ ማውጣት ይሆናል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እያልን የምንጠራቸውን ስሞች ከባዕድ ወስደን የራሳችን አድርገናል፤ ጥገናውን ግን ለጋራዥ ትተን በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የእንጨት ሣጥን በተዳፋት ስናንሸራትት እንኖራለን። ሐረጎ በመስኮት እየታየን! በእኛ አስተያየት በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎች በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቅዳሜ በራቸውን ለሞተረኞች ቢከፍቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ሜትር፣ አንድ ሰዓት መቁጠሪያና ጥቂት ተማሪዎች የማቆሚያ ርቀትን ሊለኩ፣ የሸራ ውፍረትን ሊያዩ ይችላሉ። ተማሪው ለፈተና የሚያጠናውን ቀመር በሰው ሕይወት ላይ ሲሠራ ያየዋል፤ ሞተረኛውም ፍሬኑን ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ደጋን ወርደን ነበር። ወጣቱ ሁለቱንም የፍሬን ሸራዎች ቀይሯል፤ የፊቱ ገመድ ጠብቋል፤ ሄልሜትም ገዝቷል። መብራቶቹና ክላክሱ ከወረቀቱ ተሰርዘዋል። በመሪው ጫፍ ላይ ግን ቀይና ቢጫ ዘርፍ ተንጠልጥሎ አየን። «ይህቺን እንኳ አልተዋትም፣ ጋሼ» አለን እየሳቀ። ከኋላው ለሚቀመጠው ሰው የሚሆን ሁለተኛ ሄልሜት ገና አልገዛም፤ ዕዳው ሳያልቅ የሚገዛም አይመስለንም።