ጉልቻ ቢለዋወጥ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ የሚተርት ሕዝብ ለፍርድ ያለው ስሜት የዋዛ አይደለም። በቅሎውን በሕግ ቢነጠቅ ይታገሣል፤ ጭብጦውን በግፍ ቢቀሙት ግን እስከ ልጅ ልጁ አይረሳውም። ይህ ሕዝብ ባዕድ ወራሪ ዳኛ ሆኖ በተሰየመበት ዘመን የደረሰበት በደል በሥነ ጽሑፉና በመድረኩ ምን ያህል ተነገረ? ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት በሚጻፉ ተውኔቶች ጠመንጃው ይጮኻል፤ ችሎቱ ግን ዝም ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ችሎት ተፈርዶባቸው የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ በመድረክም በሐውልትም ተዘክረዋል፤ ተገቢም ነው። ያን ፍርድ ያስቻለው ሥርዓት እንዴት እንደ ተዋቀረ፣ ጸሐፊውና አስተርጓሚው በምን ቦታ እንደ ቆሙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ዝምታ አንድ የተሳሳተ እምነት ወልዷል። ወራሪው ሹም ሄዶ ያገር ሰው ሲተካ ፍርድ ቤቱም አብሮ ነጻ ወጣ የሚል እምነት ነው። እምነቱ ለንግግር ያመቻል፤ በዳንግላና በእንጅባራ ችሎት ፊት ለቆመ አንድ አገው ገበሬ ግን አይሠራም።

ለመሆኑ የባዕድ ዳኝነት ወደዚህች አገር የገባው በወረራ ብቻ ነውን? አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ምድር ተከስሶ የራሱ ቆንስል በዳኝነቱ ወንበር እንዲካፈል በር ከፈተ። ሌሎች መንግሥታትም በዚያው በር ገቡ። ዳንግላም በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺስማን የጣናንና የዓባይን ዳርቻ እየዞረ ያጠናው በዚያ ዘመን ነው። አገሪቱ ባንዲራዋን ሳታወርድ ዳኝነቷን መካፈል የጀመረችው እንግዲህ ከማይጨው በፊት ነበር።

ወረራው ሲመጣ የተሸራረፈው ዳኝነት ጨርሶ ተወሰደ። በግንቦት 1928 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ መቋቋሚያ ሕግ ግዛቱን በአምስት ከፈለ፤ ጎጃምም መቀመጫው ጎንደር በሆነው የአማራ ግዛት ሥር ዋለ። ጣሊያናዊው በጣሊያን ሕግና ዳኛ ይዳኛል፤ «ተገዥ» የተባለው ያገር ሰው ደግሞ እንደ ልማዱ ይዳኝ ተባለ። «እንደ ልማዱ» የሚለው ቃል መልካም ይመስላል። ይሁን እንጂ ልማዱ ምን እንደሚል የሚወስነው ሬዚዴንቴ የሚባለው ሹም ነበር፤ አስተዳዳሪውም ዳኛውም እርሱ ነው። አሥሮ የሚያመጣው እጅና የሚፈርደው አፍ የአንድ ሰው ሲሆን የፍርዱ ስም ምን ቢባል ምን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ የሹም መለዋወጥን ነገር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። የአማራ ግዛት በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ገዥዎችን አፈራርቋል፤ ፒርዚዮ ቢሮሊ ሄደ፣ ሜዜቲ መጣ፤ ሜዜቲ ሄደ፣ ፍሩሺ መጣ። አዲስ አበባም ላይ በ1930 ዓ.ም. ጨካኙ ግራዚያኒ ተነሥቶ በጨዋነቱ የተወደሰው የአኦስታ መስፍን ተተካ። ሰው ተለወጠ፤ አነጋገሩም ለዘበ። ሕጉስ? በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ዘመን የወጣው ድንጋጌ ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት በእሥራት ይቀጣ ነበር። በሰኔ 1931 ዓ.ም. በደጉ መስፍን ዘመን የወጣው ሕግ ደግሞ «የዘር ክብር» የሚባለውን ነገር የሚነካ ድርጊትን ሁሉ በወንጀልነት አሰፋው። ጨካኙ ሄዶ ጨዋው ሲመጣ ሕጉ ይበልጥ ጠበቀ ማለት ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የተባለው ለዚህ ነው።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጠላት ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ። ይህ ድል የአርበኛው ደም ዋጋ ነውና ማንም አያሳንሰው። ከድሉ በኋላ የመጣው የዳኝነት ሹመት ግን ከትችት ነጻ አይደለም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት እንግሊዛውያን ዳኞች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንዲሾሙ አደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው የዳኝነት አስተዳደር ዐዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ማዋቀሩ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይሁንና በክፍለ ሀገር አስተዳዳሪው ከዳኝነቱ ወንበር አልተነሣም። ሬዚዴንቴው ሄዶ ያገር ገዥ በቦታው ተቀመጠ። በጥር 1937 ዓ.ም. የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በፍርድ ተሰቀለ። ጠላት ያልገደለውን ጀግና ያገሩ ችሎት ገደለው። በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኞች ዐዋጅ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር የሚያይ ዳኛ በየአጥቢያው ተከለ፤ ዳኝነት ወደ ገበሬው ደጃፍ ቀረበ ተባለ። ደጃፉ ቀረበ፤ ከደጃፉ በስተጀርባ የሚነገረው ቋንቋ ግን በአገው ምድር የገበሬው አልነበረም።

የነገሩ እምብርት ይህ ነው። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቆንስል ሆነ፣ ሬዚዴንቴ ሆነ፣ ገዥ ሆነ፣ ዳኛ ሆነ። ከወንበሩ ፊት የቆመው አዊኛ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን በሰው አፍ ተናገረ፣ በሰው ጆሮ ሰማ።

«አስተርጓሚ ካለ ምን ጎደለ?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ተከስሰው አያውቁም። «መታሁት» እና «ገፋሁት» በችሎት አንድ አይደሉም፤ «ወሰድሁ» እና «አደራ ተቀበልሁ» አንድ አይደሉም። አንዱ ቃል ወደ ወኅኒ፣ ሌላው ወደ ቤት ይወስዳል። ያልሠለጠነ አስተርጓሚ በደከመው ሰዓት የመረጠው ቃል የአንድ ቤተሰብ ዕድል ይሆናል፤ መዝገቡ የሚይዘውም የተከሳሹን ሳይሆን የአስተርጓሚውን ቃል ነው። ይግባኝ የሚባለውም በዚያው መዝገብ ነው።

ሌሎች ደግሞ መፍትሔው የአካባቢውን ተወላጅ መሾም ብቻ እንደ ሆነ ይሰብካሉ። ይህም የጉልቻ ለውጥ ነው። ተወላጁ ዳኛ ከሳሽና ተከሳሽ በማይሰሙት ቋንቋ ካስቻለ፣ ልዩነቱ በትውልድ ሐረጉ እንጂ በፍርዱ አይገኝም። የሚፈለገው ዳኛው ከማን እንደ ተወለደ ሳይሆን ተከራካሪው የሚሰማውንና የሚሰማበትን ችሎት ማቆም ነው።

ሕጉ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዲያገኙ ደንግጓል፤ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ሰጥቷል። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም የብሔረሰብ ምክር ቤቶች የሥራ ቋንቋቸውን እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጥቷል። በወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ግን ራሱን አያስፈጽምም። የሠለጠነ አስተርጓሚ፣ የተደራጀ የሕግ ቃላት፣ በአዊኛ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ ያስፈልገዋል።

የሰባት ቤት አገው ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያስታርቅ ተበዳዩ በገዛ አንደበቱ ይናገራል፤ በዳዩም በገዛ ጆሮው ይሰማል። ባላገሩ ወደ ሽማግሌ የሚሄደው ኋላ ቀር ስለ ሆነ ነው የሚሉ ካሉ፣ የሚሄደው ስለሚደመጥ ነው ብሎ መመለስ ይገባል። መደበኛው ችሎት ከሽማግሌው ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በዚህ ረገድ ካድሬው፣ መምህሩና የጥበብ ሰው ከተጠያቂነት አያመልጡም። ካድሬው በሪፖርቱ የተሾሙትን ዳኞች ቁጥር ብቻ መደርደሩን ትቶ፣ ስንት ተከራካሪ በቋንቋው እንደ ተደመጠ ይቁጠር። በዳንግላና በእንጅባራ በአዊኛ የሚያስተምረው መምህር «ዋስትና»ን፣ «ይግባኝ»ን፣ «ብያኔ»ን በልጆቹ ቋንቋ የሚገልጹ ቃላትን ከሽማግሌዎች አንደበት ይሰብስብ። ተውኔት ጸሐፊውም ፋሽስቱን እንደ ጯሂ ጅል፣ አርበኛውን እንደ ሐውልት መሳል ይብቃው፤ በሁለቱ መካከል የቆመውን አስተርጓሚ ወደ መድረክ ያውጣው። ያ ሰው አንዲት ቃል ሲያንገራግር ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅ፤ የቅኝ ገዥ ፍርድ ቤት በምን እንደ ሠራ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሦስቱ ጉልቻዎች ዛሬም ነገም ይለዋወጣሉ። ወጡ የሚጣፍጠው ግን ገበሬው በችሎት ፊት ቆሞ በቋንቋው ሲናገር፣ ዳኛውም ያለ አማላጅ ሲሰማው ነው።